ተራራው በሰው ሲሞላ

ስኪ እንደምሄድ የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። «አይበርድሽም እንዴ?» ይሉኛል፤ እናቶች ደግሞ «እዚያ በረዶ ላይ ምን ልትሆኚ ነው የምትወጪው?» ብለው ይጨምሩበታል። ስለ ሰዉ ብዛት ግን እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ቀኑን የሚያበላሸው፣ ገንዘብ የሚበላውና ጉልበት የሚያስጎዳው በአብዛኛው ብርዱ ሳይሆን ሰዉ ነው። ብርድ በጃኬትና በወፍራም ካልሲ ይመለሳል። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ተራራ ላይ ሲወርድ ግን ጃኬት ምንም አያደርግም።

ይህን አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበራችን የዊንተር ጉዞውን ቀን ለመምረጥ ድምፅ እያሰባሰበ ነው። (ክረምት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አገር ቤት ያደጉት ጓደኞቼ ግን ክረምት ማለት ሐምሌና ዝናብ ነው እያሉ ይስቁብኛል።) ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ቀናት ናቸው። አንዱ በፌብሩዋሪ የፕሬዚዳንቶች ቀን የሚውልበት ረጅም ዊኬንድ ቅዳሜ ነው። ሌላው ከገናችን በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ የሚውል ተራ የሥራ ቀን ነው። እስካሁን አብዛኛው ሰው ወደ ፌብሩዋሪው አዘንብሏል፤ ምክንያቱም «ሰኞ ክላስ የለም» የሚል ነው። ከምንሄደው ውስጥ ግማሹ ስኪ እግሩ ላይ አድርጎ አያውቅም። እኔ ለገናው ሳምንት ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የፌብሩዋሪው ቢያሸንፍም ከታች የጻፍኩት ይጠቅማችኋል። ሰዓቶቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ «ጠዋት 9 ሰዓት» ስል ሦስት ሰዓት ማለቴ ነው።

ከመንገዱ ልጀምር። ከዴንቨር ወደ ኪስቶን፣ ብሬከንሪጅ፣ ኮፐርና ቬይል የሚወስደው ዋና መንገድ አንድ ነው፤ አይ-70። በጠባቡ ቦታ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሌይን ብቻ አለው። ተራራውን የሚሻገረው በአይዘንሃወር ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የመጀመሪያው መተላለፊያ በ1973 ተከፈተ፤ ሁለተኛው በ1979 ተጨመረ። የዴንቨር አካባቢ ሕዝብ ከዚያ ወዲህ በጣም ጨምሯል፤ ዋሻው ግን ያው ነው። ትራፊኩ ሲበዛ መኪኖች ዋሻው ውስጥ ቆመው እንዳይቀሩ ሲባል ከውጭ ተይዘው በየተራ ይለቀቃሉ። ስለዚህ ብሬከንሪጅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ መንገዱ ነፃ ሲሆን አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስደው ጉዞ በተጨናነቀ ቅዳሜ ጠዋት እጥፍ ይሆናል፤ በረዶ እየጣለ ከሆነም ከእጥፍ ያልፋል። የአባቴን ኮሮላ ተውሼ እነዳለሁ የምትሉ ደግሞ ጎማውን ቀድማችሁ እዩ። በዚህ መንገድ የተራራ ክፍል ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ለበረዶ የሚሆን፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ በሕግ ግዴታ ነው።

ሁሉም ሰው በአንድ ቀን የሚወጣበት ሌላው ምክንያት የክፍያው መንገድ ነው። ድሮ ስኪ የሚሄድ ሰው ለአንድ ቀን ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ አየሩ ካላማረው ይቀራል፣ ሰዉ ከበዛ ሌላ ቀን ይሄዳል። በ2008 ቬይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ ኤፒክ ፓስ የሚባለውን የዓመት ካርድ አወጣ፤ በ2018 ደግሞ ተፎካካሪው አይከን ፓስ መጣ። እነዚህ ካርዶች የሚሸጡት ወቅቱ ሳይገባ ነው። ዋጋቸው ብዙ ቀን ለሚሄድ ሰው በጣም ያዋጣል። በትልቅ ሪዞርት በበዓል ቀን መስኮቱ ላይ የሚቆረጠው የአንድ ቀን ትኬት ግን ከ200 ዶላር በላይ ይሄዳል። ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ደግሞ ሲመቸው ሁሉ ይወጣል፤ የሚመቸው ጊዜ ቅዳሜና በዓል ነው። አራፓሆ ቤዝን የሚባለው ሪዞርት በ2019 ከኤፒክ ፓስ የወጣው ፓርኪንጉም ተራራውም ሰዉን አልችል ስላለ ነው። ሪዞርት ደንበኛ በዛብኝ ብሎ ከውል ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ እኔ ጎሽ ብያለሁ።

አሁን ወደ ካላንደሩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ዕድለኞች ነን። የአሜሪካ ስኪ ሦስት የጭንቅንቅ ጊዜያት አሉት። አንዱ ከዲሴምበር 25 በኋላ እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት ነው። ሁለተኛው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን የሚውልበት የጃንዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ያለው ዊኬንድ፣ ሦስተኛው ደግሞ የፕሬዚዳንቶች ቀን የሚውልበት የፌብሩዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ያለው ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ሁሉም ሰው ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው፣ ተራራው የሚያርፍባቸው ጥቂት ቀናት አሉ። ገናችን ጃንዋሪ 7 የሚውለው በትክክል እዚያ ላይ ነው! የኮሌጁ ዕረፍትም ገና አላለቀም። ጾሙም ተፈትቷል፤ ይህ ለምን እንደሚጠቅም ኋላ እነግራችኋለሁ። ጥምቀት ግን ጃንዋሪ 19 ስለሆነ ከሁለተኛው ግርግር ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ያን ቀን ታቦት ማጀብ ይሻላል።

ተራራው ላይ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ሰልፍ ነው። ስለ ሰልፉ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ያልጠበቅሁት ነገር ስለሆነ ደስ ይለኛል። በወንበር የሚያወጣ ሊፍት በዓለም መጀመሪያ የተሠራው በ1936 አይዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ በሚባል ቦታ ነው። የፈጠረው የባቡር ኩባንያ መሐንዲስ ጄምስ ከረን ነው። ሐሳቡ የመጣለት ሙዝ በመንጠቆ ተንጠልጥሎ መርከብ ላይ ከሚጫንበት መሣሪያ ነበር። ከመንጠቆው ሙዙን አወረደና ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ሰቀለ። እስከ ዛሬም ሥራው ያው ነው፤ ወንበር ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል።

ብዙ ሰው «ፈጣን ሊፍት ካለ ሰልፍ አይኖርም» ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። አራት ሰው የሚይዝ ወንበር በየ6 ሴኮንዱ ቢመጣ በደቂቃ 40 ሰው፣ በሰዓት 2,400 ሰው ይወጣል። ገመዱ በሴኮንድ 5 ሜትር ቢሮጥም 2.5 ሜትር ቢሮጥም ወንበሩ በየ6 ሴኮንዱ እስከመጣ ድረስ ቁጥሩ ያው ነው፤ በፈጣኑ ላይ ወንበሮቹ እየተራራቁ ነው የሚሰቀሉት። እንግዲህ ለምሳሌ 800 ሰው በአንድ ሊፍት ላይ እየተመላለሰ ነው እንበል። 800 ሰው ለማውጣት 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ተራው የሚደርሰው በየ20 ደቂቃው ነው። መውረዱ 5 ደቂቃ ቢወስድና በዝግተኛው ሊፍት መውጣቱ 10 ደቂቃ ቢሆን ሰልፍ የምትቆሙት 5 ደቂቃ ነው። መውጣቱ 5 ደቂቃ በሚፈጅበት በፈጣኑ ሊፍት ግን ሰልፉ 10 ደቂቃ ይሆናል። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታሳልፉት የነበረውን ጊዜ ቆማችሁ ታሳልፉታላችሁ። በተጨናነቀ ቀን አሮጌውን ዝግተኛ ሊፍት የምመርጠው ለዚህ ነው። ቁጭ ብዬ ተራራ ማየት፣ ከኪሴ ቆሎ እያወጣሁ መቆርጠም እችላለሁ።

ሰልፉን የሚያረዝመው ሌላው ነገር ባዶ ወንበር ነው። አራት ሰው የሚይዘው ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሳፈር ከበዛ ሰልፉ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ተብሎ በብዙ ቦታ ብቻቸውን የሆኑ ሰዎች የሚገቡበት የነጠላ ሰልፍ አለ፤ ክፍት ቦታ በተገኘ ቁጥር ከዚያ ይሞላል። በጣም ፈጣን ነው፤ ግን እኛ አንወደውም። አሥር ሆነን ከሄድን አሥራችንም አንድ ወንበር ላይ ካልተቀመጥን የምንል ሰዎች ነን። ተለያይታችሁ ውጡና ላይ ተገናኙ፤ ሊፍቱ መጨረሻ ላይ መጠበቅ ነውር አይደለም።

ሰዉ በቀኑ ውስጥ እንደ ጎርፍ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ቦታውም ሰዓቱም ይታወቃል። ሊፍቶች አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 8፡30 ወይም 9 ሰዓት ይከፈታሉ። ከ9፡30 እስከ 11 ሰዓት የታችኛው ሊፍት ላይ ያለው ሰልፍ ከቀኑ ሁሉ የከፋ ነው፤ ሁሉም ከፓርኪንግ የመጣው በዚያ ስለሚያልፍ። የዕቃ ኪራይ ቤቱም በዚያው ሰዓት ይታፈናል። ስለዚህ ጫማና ስኪውን ከዋዜማው እዚሁ ዴንቨር ወይም ኦሮራ ተከራዩ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል። ስትከራዩ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ይጠይቃል። እባካችሁ ክብደታችሁን ቀንሳችሁ ችሎታችሁን ጨምራችሁ አትጻፉ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ስትወድቁ መቼ እንደሚለቅ የሚስተካከለው በዚያ ቁጥር ነው።

መቻል የጀመረ ሰው ጠዋት በታችኛው ሊፍት አንዴ ከወጣ በኋላ ወደ ታች ሳይመለስ ከፍ ብለው ባሉት ሊፍቶች ላይ ቢውል ግርግሩን ያመልጣል። ለጀማሪ ግን ይህ አይሆንም፤ ቦታው ታች ነው፣ ታች ደግሞ ሁሉም ሰው አለ። ስለዚህ ጀማሪዎች ከቀን ምርጫ ቀጥሎ የሚረዳቸው የቦታ ምርጫ ነው። በአረንጓዴ ክብ፣ በሰማያዊ አራት ማዕዘንና በጥቁር አልማዝ የሚመለከተው የመንገዶቹ ደረጃ እዚያው ተራራ ላይ ካሉት ጋር ብቻ የተነጻጸረ ነው፤ የአንዱ ሪዞርት ሰማያዊ የሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። ላቭላንድ የሚባለው ከዋሻው ወዲህ ስለሆነ ዋሻውን መሻገር አያስፈልግም፤ የጀማሪዎቹም ሜዳ ከዋናው ተራራ ተለይቶ ለብቻው ነው። ኤልዶራ ደግሞ ከቦልደር በከተማ አውቶቡስ ይደረስበታል። ትምህርት የሚከፍል ካለ ከትኬቱ ጋር አብሮ ቢገዛ ጥሩ ነው፤ በብዙ ሪዞርት የስኪ ትምህርት ተማሪዎች በተለየ ሰልፍ ያልፋሉ፣ በተጨናነቀ ቀን ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

ሰው ሲበዛ በረዶውም ይለወጣል። ሌሊት ትልልቅ መኪኖች መንገዶቹን ሲያስተካክሉ ያድራሉ፤ ጠዋት ስትደርሱ ማበጠሪያ ያለፈበት ጠጉር ይመስላል። በዚያ ላይ መማር ቀላል ነው። ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ሰው በላዩ ሲያልፍ ለስላሳው ይጠረግና ወደ ጠርዝ ይከመራል፤ መሐሉ እንደ መስታወት ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያቀለጠው ጥላ ሲያርፍበት መልሶ ይደርቃል። ጠዋት በቀላሉ የወረዳችሁበት መንገድ 3 ሰዓት ላይ ሌላ መንገድ ነው። እግራችሁም በዚያን ሰዓት ደክሟል። ሪዞርቱ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ጥሩ የሚችለውም፣ ጀማሪውም፣ ስኖውቦርድ ላይ ያለው ታዳጊም መጨረሻ ላይ የሚገናኙት በአንድ ጠባብ አረንጓዴ መንገድ ላይ ነው። የደከመ እግር፣ የደረቀ በረዶ፣ የተለያየ ፍጥነት፣ ጠባብ ቦታ። እኔን የሚያስፈራኝ ገደሉ ሳይሆን ይህ ቦታ ነው።

ባለፈው ዓመት ከእኛው ቡድን አንዲት ልጅ የተጎዳችው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ቀስ ብላ እየወረደች ሳለ አንድ ሰውዬ ከኋላ መጥቶ የስኪዋን ጫፍ ነካው። ወደ ኋላ ተቀመጠች፣ አንዱ እግሯ ወደ ውስጥ ተጠመዘዘ፣ ጉልበቷ ውስጥ «ቋ» የሚል ነገር ተሰማት። ሰውዬው «ሶሪ፣ ደህና ነሽ?» አለና ሄደ። እሷም ተነሥታ ቆመች፤ ትንሽ እያነከሰች ወረደች። መኪና ውስጥ ጉልበቷ አበጠ። ቤት ስትደርስ «ወለምታ ነው» ተባለ፤ በቅባት ታሸች። ከሁለት ሳምንት በኋላም ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷ እየከዳት ሲያስቸግር ኤምአርአይ ተነሣች፤ ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ኦፕራሲዮን፣ ክራንች፣ ከዚያም ወራት የፈጀ ፊዚዮቴራፒ፤ አንድ ሴሚስተርም አቋረጠች።

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአሁኑ ማሰሪያ ጫማውን ስለሚለቅ እንደ ድሮው የቅልጥም ስብራት ቀንሷል፤ ጉልበትን ግን ማሰሪያው ሁልጊዜ አያድነውም። ኤሲኤል የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በትልቅ አደጋ ሳይሆን እንደዚህ ባለ ዝግ ያለ አወዳደቅ ነው፤ ሰው ወደ ኋላ ተቀምጦ፣ እየተንሸራተተ ሳለ ለመነሣት ሲታገል። መውደቃችሁን ካወቃችሁ ውደቁ፤ ወደ ጎን ተኙ፤ እስክትቆሙ ድረስ ለመነሣት አትሞክሩ። ሦስት ምልክቶችን አስታውሱ፦ ሲወድቁ ድምፅ ወይም የመበጠስ ስሜት፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚመጣ እብጠት፣ ሲቆሙ የሚከዳ ጉልበት። ከነዚህ አንዱ ካለ ሐኪም ማየት አለበት። መራመድ መቻል ጅማቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ አያቴ ስለ አንድ ወጌሻ የምታወራውን ሰምቼ አልጠግብም። ትኩስ ያበጠን ጉልበት ማሸት ግን ውስጡ የሚደማውን ያባብሳል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርጉበት፣ በፋሻ እሰሩት፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከዚያ አስመርምሩት። ስኖውቦርድ የምትሞክሩ ደግሞ ጉልበታችሁ ሳይሆን የእጅ አንጓችሁ ነው የሚጎዳው፤ የአንጓ መከላከያ ግዙ፣ ስትወድቁ እጃችሁን ዘርግታችሁ መሬቱን አትቀበሉት። ሄልሜት ሁላችንም እናደርጋለን፤ ስለዚህ ክርክር የለም።

ያ ሰውዬ መሄድ አልነበረበትም። በኮሎራዶ ከ1979 ጀምሮ የስኪ ደኅንነት ሕግ አለ። በሕጉ ከላይ የሚመጣው ሰው ከታች ያለውን ሰው ያለመግጨት ግዴታ አለበት፤ ከታች ያለው የኋላ መስተዋት የለውም። ግጭት ደርሶ ሰው ከተጎዳ ደግሞ የተጋጨው ሰው ስሙንና አድራሻውን ለሪዞርቱ ሠራተኛ ወይም ለስኪ ፓትሮል ሳይሰጥ መሄድ አይችልም። ስለዚህ «ምንም አይደለም» ብላችሁ አታሰናብቱ። የኛ ሰው ይሉኝታ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳን፤ ወድቀን ሳለን ገጪውን እናጽናናለን።

ፓትሮሎቹ ቀይ ጃኬት ላይ ነጭ መስቀል ያደርጋሉ። ከተጎዳው ሰው ከፍ ብላችሁ ሁለት ስኪ እንደ ኤክስ አነባብራችሁ በረዶው ላይ ትከሉ፤ ከላይ የሚመጣው ሰው ያየዋል፣ እርዳታ እንደሚያስፈልግም ያውቃል። ከዚያ ደውሉ ወይም የሊፍት ሠራተኛ ንገሩ፦ የመንገዱን ስም፣ በአቅራቢያ ያለውን የሊፍት ምሰሶ ቁጥር። ጭንቅላቱን ወይም አንገቱን የተመታ ሰው ካለ አታንቀሳቅሱት፣ ሄልሜቱንም አታውልቁ። ብዙ ተማሪ ፓትሮል የማይጠራው ሂሳቡን ፈርቶ እንደሆነ አውቃለሁ። ፓትሮል በበረዶ ተሳቢ ወደ ታች ለማውረድ በአብዛኛው አያስከፍልም፤ ሂሳቡ የሚጀምረው ታች ካለው ክሊኒክና ከአምቡላንስ ነው። በተጎዳ ጉልበት እየተንሸራተቱ መውረድ ግን ከሁሉ የከፋው ዋጋ ነው። የኢንሹራንስ ካርዳችሁን ጃኬታችሁ ኪስ ውስጥ ያዙ።

«እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚል ቀልድ በየጉዞው እሰማለሁ። ግማሽ እውነት አለው። በስሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ገደማ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2002 የታተመ ጥናት፣ የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠን ዝቅ ባለ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል፤ በአንዲስ ተራሮች እንደሚታየው አልጨመረም። የሚገርም ነገር ነው። እኔና እናንተ ግን ያደግነው ኦሮራ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣም ሰው ቢሆን አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ናት፤ የብሬከንሪጅ ከተማ ራሷ ከ2,900 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ከፍተኛው ሊፍቷ 3,900 ሜትር ያልፋል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ከባሕር ወለል 70 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለአንድ ቀን ብቻ ከዴንቨር ወጥቶ ለሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቶሎ መድከምና ጥም ነው። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ለሚያድር ሰው ይብሳል። ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያለከልክ፣ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀ ሰው ካያችሁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድና ሐኪም መጥራት ነው እንጂ ሻይ ማጠጣት አይደለም።

ፀሐይም አለች። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ በረዶ ደግሞ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ከታች ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ስሕተት ነው። ቅባቱን ከአገጭ ሥርና ከአፍንጫ ሥር ጭምር አድርጉ፤ ዓይናችሁን ሸፍኑ።

ስለ ጾም ኋላ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በተጨናነቀ ቀን ሪዞርት ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ከ11፡30 እስከ 1፡30 ድረስ ቁጭ የሚባልበት ቦታ የለውም፤ ዋጋውም ያስደነግጣል፣ የጾም የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ድንች ጥብስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ እስከ ከሰዓት የሚቆይ ጿሚ በዚያ ከፍታ ላይ በረዶ ላይ ሲውል እግሩ ይከዳዋል። ዓቢይ ጾም በፌብሩዋሪ ሊገባ ስለሚችል የዚያን ቀን ጉዞ የምትመርጡ አስቡበት። ለማንኛውም በሶ በጠርሙስ በጥብጣችሁ፣ ቆሎና ዳቦ ይዛችሁ ኑ። በሶ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ።

ከናካቴው የሊፍት ነገር ያስጠላው ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ስኪ አለ። አገር አቋራጭ ስኪ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ሊፍት የለውም፣ ስለዚህ ሰልፍም የለም፤ ትኬቱም ከትልቁ ሪዞርት ትኬት ጋር አይወዳደርም። ፍሪስኮ ከተማ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ቦታ አለ፤ አይ-70 ሞልቶ በሚፈስበት ቅዳሜም ጫካው ጸጥ ያለ ነው። ስኪ የኛ ነገር አይደለም ለሚሉ ሁሉ የምመልሰውም እዚህ ላይ ነው፤ በዊንተር ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ መጀመሪያ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም የሮጠው በአገር አቋራጭ ስኪ ነበር፤ በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር።

ስለ መመለሻው አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ብዙ ስኪ የሚያዘወትሩ ሰዎች «የመጨረሻ ዙር» የሚለውን ቃል አይጠሩትም፤ ካሉት ይወድቃሉ ብለው ያምናሉ። እኔ ባላምንበትም ሰዓቱን አከብራለሁ። ጀማሪዎች 2 ሰዓት ላይ ጫማቸውን ቢያወልቁ ከዚያ ጠባብ መንገድም፣ ከዋሻው ሰልፍም ይድናሉ። ያልተመቸው ደግሞ ከተማው ውስጥ እራት በልቶ፣ ትራፊኩ ከቀለለ በኋላ ማታ ቢነሣ ይሻለዋል። የፌብሩዋሪው ካሸነፈ መኪና ባንነዳ እመርጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን የሚነሣ ስኖውስታንግ የሚባል የመንግሥት አውቶቡስ አለ፤ ወደ ዊንተር ፓርክ ደግሞ ተራራው ሥር ድረስ የሚያወርድ ባቡር አለ። የገናው ሳምንት ካሸነፈ በኮሌጁ ቫን እንሄዳለን፤ ቫኑ የሚይዘው 12 ሰው ስለሆነ ስማችሁን ቀድማችሁ ጻፉ። ድምፅ መስጫው እሑድ ማታ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል።